ከሲሙሌሽኑ በፊት ግምት፦ ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ተማሪዎች፦

በዚህ ወሰነ ትምህርት የምትጀምሩት የመሠረታዊ ኤሌክትሮኒክስ ላብራቶሪ የመጀመሪያዎቹ አራት ልምምዶች በኮምፒውተር ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሰርኪዩቱን በእውነተኛ ዕቃ ሳይሆን በፕሮግራም ውስጥ በማስመሰል፣ የሚሠሩ ናቸው። አንዳንዶቻችሁ ይህን ዕቃ ስለጠፋ የተሰጠ ምትክ አድርጋችሁ እንደምታዩት፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩ መልሱን እስከሰጠ ድረስ ስሌት ምን ያደርጋል እንደምትሉ እገምታለሁ። ሁለቱም አመለካከቶች ትምህርቱን ይጎዳሉ ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሲሙሌሽን የሚያስተምረውንና ሊያስተምር የማይችለውን በእነዚሁ ልምምዶች ላይ ተመሥርቼ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ።

የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ሥራው ራሱ የወለዳቸው ናቸው። በአንድ የሲሊከን ቁራጭ ላይ የሚሠራን አይሲ (ሙሉ ሰርኪዩት የያዘ ቺፕ) አስቀድሞ በብሬድቦርድ (ክፍሎች ያለ ብየዳ በሚሰኩበት ሰሌዳ) ገጣጥሞ መሞከር ስለማይቻል፣ ዲዛይነሮቹ ሰርኪዩቱን በስሌት የሚፈትሽ መሣሪያ ያስፈልጋቸው ነበር። ለዚህም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ፣ በፕሮፌሰር ዶናልድ ፔደርሰን መሪነት፣ በሎረንስ ናጌል የተሠራው ስፓይስ የተባለው ፕሮግራም በ1973 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ዛሬ በነጻ የምናገኛቸው ኤልቲስፓይስና ኤንጂስፓይስ የዚያው ሥራ ተከታዮች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላም በተራ ላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ልምምድ ባለ 5 ቮልት ምንጭ፣ ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ጅረትን የሚገድብ ክፍል) እና 1ኤን4148 የተባለውን ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) በተከታታይ ያገናኛል። በዳዮዱ ላይ 0.7 ቮልት ይቀራል ብላችሁ ብታሰሉ ጅረቱ 4.3 ሚሊ አምፒር ይሆናል፤ ሲሙሌሽኑም ከዚህ በጥቂቱ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል። ትምህርቱ የሚጀምረው ግን ምንጩን ወደ 0.5 ቮልት ዝቅ ስታደርጉ ነው። 0.7ን እንደ ቁርጥ ሕግ የያዘ ተማሪ ጅረቱ ዜሮ ነው ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ግን በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮ አምፒር ያሳየዋል። ዳዮድ በ0.7 ቮልት ላይ የሚከፈት በር እንዳልሆነ፣ ጅረቱ አሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር ቮልቴጁ በመቶ ሚሊ ቮልት ገደማ ብቻ እንደሚጨምር የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ይህ ግንዛቤ የሚገኘው ግን አስቀድሞ «ዜሮ» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ነው፤ ምንም ያልጻፈው ቁጥሩን አይቶ ያልፋል።

ሁለተኛው ብሪጅ ሬክቲፋየር፣ ማለትም ተለዋዋጭ ጅረትን በአራት ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ጅረት የሚቀይር ሰርኪዩት ነው። ከትራንስፎርመር የወጣ 12 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ጫፉ 17 ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ በሁለት ዳዮዶች ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ሲቀነስ 15.6 ቮልት አካባቢ ይቀራል። ባለ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ አጠራቅሞ የሚመልስ ክፍል) አስገብታችሁ 100 ሚሊ አምፒር ብትስቡ፣ በእኛ 50 ኸርዝ መስመር የሪፕሉ (በውጤቱ ላይ የሚቀረው የቮልቴጅ መዋዠቅ) ስሌት 1 ቮልት ይሆናል፤ ካፓሲተሩ ግማሹ ዑደት ሳያልቅ እንደገና መሞላት ስለሚጀምር ሲሙሌሽኑ የሚያሳየው ከዚያ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ የዳዮዶቹን ጅረት ማየት አትርሱ፤ ከጭነቱ ጅረት ብዙ እጥፍ በሚበልጡ አጫጭር ምቶች የሚፈስ መሆኑን መልቲሜትር አያሳያችሁም። በሲሙሌሽን የግብዓቱንና የውጤቱን ሞገድ ጎን ለጎን በነጻነት ማየት ይቻላል። በእውነተኛው ኦሲሎስኮፕ (ሞገድን በስክሪን በሚያሳየው መለኪያ) ግን የሁለቱ ፕሮቦች፣ ማለትም የመለኪያ ገመዶች፣ ግራውንድ አንድ ስለሆነ፣ አንዱን የግራውንድ ክሊፕ በትራንስፎርመሩ ጫፍ፣ ሌላውን በውጤቱ ኔጌቲቭ ላይ ያደረገ ሰው አንዱን ዳዮድ ሾርት ያደርጋል።

ሦስተኛው ልምምድ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። 2ኤን2222ኤ የተባለውን ትራንዚስተር እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ተጠቅማችሁ 100 ሚሊ አምፒር የሚስብ ባለ 12 ቮልት ሪሌይ (በሽቦ ጥቅል ማግኔትነት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ታንቀሳቅሳላችሁ። ትራንዚስተሩ ሳቹሬሽን ውስጥ (ሙሉ በሙሉ ወደተከፈተበት ሁኔታ) በእርግጥ እንዲገባ፣ ከሦስቱ እግሮቹ መቆጣጠሪያ ለሆነው ለቤዙ የጭነቱን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 10 ሚሊ አምፒር ትሰጡታላችሁ፤ ከ5 ቮልት ሲሰላ 430 ኦም ሬዚስተር ነው። ቀጥሎ በሪሌዩ ጥቅል ላይ ከቮልቴጅ ዝላይ ለመከላከል በግልባጭ የተቀመጠውን ዳዮድ አውጥታችሁ እንደገና አስኪዱት። ትራንዚስተሩ በተዘጋ ቅጽበት የኮሌክተሩ (ጭነቱ የተገናኘበት እግር) ቮልቴጅ በመቶዎች፣ አልፎም በሺዎች ቮልት ሲዘል ታያላችሁ፤ በሚቀጥለው ዑደት ደግሞ ትራንዚስተሩ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ትራንዚስተር በኮሌክተሩና በሦስተኛው እግሩ በኤሚተሩ መካከል የሚችለው የቮልቴጅ ገደብ 40 ቮልት ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ቢሆን ኖሮ ሊቃጠል ይችል ነበር። በተለመደው የስፓይስ ትራንዚስተር ሞዴል ውስጥ ይህ ገደብ ስለማይካተት ፕሮግራሙ አያስጠነቅቃችሁም። ሞዴሉ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ስለሆነ፣ ዳታ ሺቱን (የአምራቹን የመረጃ ሰነድ) ከስክሪኑ አጠገብ ከፍቶ ማነጻጸር የእናንተ ግዴታ ነው። መምህራንም ይህን ልምምድ ዳዮዱን አስገብቶ ብቻ በማሠራት እንዳታሳልፉት አደራ እላለሁ።

በአራተኛው ልምምድ ግን ሲሙሌሽን ከጠረጴዛው ይበልጣል። በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 1 ኪሎ ኦም የኮሌክተር ሬዚስተር ያለው ማጉያ ሥሩ፤ የትራንዚስተሩን ቤታ (የኮሌክተሩ ጅረት የቤዙ ጅረት ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚገልጸውን ቁጥር) 100 ብላችሁ በ188 ኪሎ ኦም አንድ የቤዝ ሬዚስተር ብቻ ኮሌክተሩን 6 ቮልት ላይ አቁሙት። ከዚያ ቤታውን 200 አድርጉት። ኮሌክተሩ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ማጉያው ሥራ ያቆማል። አንድ ዓይነት ቁጥር በተጻፈባቸው ትራንዚስተሮች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት የተለመደ ነው፤ የ2ኤን2222ኤ ዳታ ሺት ራሱ በ150 ሚሊ አምፒር ላይ ቤታው ከ100 እስከ 300 ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። የቤዙን ቮልቴጅ በሁለት ሬዚስተሮች ከፋፍላችሁ ኤሚተሩ ላይ አንድ ሬዚስተር ስትጨምሩ ያው የቤታ ለውጥ የኮሌክተሩን ጅረት የሚነካው በጥቂቱ ብቻ ነው። ይህን በጠረጴዛ ላይ ለማየት ብዙ ትራንዚስተሮችን እየለኩ መምረጥ ያስፈልጋል፤ በሲሙሌሽን ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ብዙ ተማሪ በቃሉ የሚይዘው የባያሲንግ (የትራንዚስተሩን የሥራ ነጥብ የማስተካከል) ትምህርት ምክንያቱ የሚገለጥለት እዚህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልምምድ በደብተራችሁ ሦስት ዓምዶች ይኖራሉ፤ በእጅ የተሰላው ግምት፣ የሲሙሌሽኑ ውጤትና ልዩነቱ የመጣበት ምክንያት። የመጀመሪያው ዓምድ በእስክሪብቶ ተሞልቶ በመምህሩ ሳይፈረምበት ፕሮግራሙ አይከፈትም። ነጥብ የሚሰጠው በዋናነት በሦስተኛው ዓምድ ላይ ስለሆነ፣ ግምቱ የተሳሳተ ተማሪ ምክንያቱን በትክክል ካስረዳ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። አራቱንም የጨረሰ ቡድን የአራተኛውን ማጉያ በብሬድቦርድ ይሠራል፤ በዚያን ጊዜ አራተኛ ዓምድ ይጨመራል፣ የሚሞላውም በመልቲሜትር በተለካው ነው።

አመሰግናለሁ።