ከወሊድ በኋላ ማን ይመጣል?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝን ጉዳይ ላጫውታችሁ።

በአሜሪካ ደቡብ፣ የዘር መድልዎ ሕግ በነበረበት ዘመን፣ ጥቁር እናት ምጥ ሲይዛት ወዴት ትሄድ ነበር? ብዙው ሆስፒታል አያስገባትም። ቢያስገባትም ለብቻ በተለየ ክፍል ነው፣ አንዳንዴም ምድር ቤት። ስለዚህ የሚጠራው የሰፈር አዋላጅ ነበር።

አላባማ ግዛት፣ ዩታው ከተማ አካባቢ የኖሩት ወይዘሮ ማርጋሬት ቻርለስ ስሚዝ ከ3,000 በላይ ሕፃናት አዋልደዋል ይባላል። ክፍያው ጥቂት ዶላር ነው፤ እሱም ከተገኘ። ካልተገኘ ከጓሮ የተለቀመ ይሰጣቸዋል። እንዲህ ያሉ አዋላጆች ሥራቸው እትብት በመቁረጥ አያበቃም። ልብስ ያጥባሉ፣ ለአራሷ የሚቀመስ ያበስላሉ፣ ተመላልሰው ይጠይቃሉ። አራስ ቤት ያደገ ሰው ይሄ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1921 የሼፐርድ-ታውነር ሕግ ለእናቶችና ሕፃናት ጤና የፌዴራል ገንዘብ መደበ። የአዋላጆቹ ሥልጠናና ቁጥጥርም ተጠናከረ። ቦርሳቸው እየተከፈተ ይፈተሽ ነበር፦ ንጹሕ ነጭ ሽርጥ፣ መቀስ፣ ለሕፃኑ ዓይን የሚሆን የብር ናይትሬት ጠብታ። ቅጠልና ሥራሥር ክልክል ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሁለት ቦርሳ ያዙ፤ አንዱ ለተቆጣጣሪ የሚታይ፣ አንዱ ለሥራ። ይቺን ነገር ወደድኳት።

ሥልጠናውን አልነቅፍም፤ ንጽሕና ነፍስ አድኗል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሐኪም ዝር በማይልበት ገጠር ሌት ተቀን የደከሙትን ሴቶች፣ ሕፃናት ሲሞቱ ሐኪሞችና የጤና ባለሥልጣናት ጥፋቱን በእነሱ ላይ ላከኩባቸው። ድህነቱን ማን ይጠየቅበት?

በ1960ዎቹ ሆስፒታሎች ለጥቁሮች ተከፈቱ። ስንት ትግል የተከፈለበት ድል ነው! አዋላጆቹ ግን አብረው አልገቡም። አላባማ በ1976 ባወጣችው ሕግ የልምድ አዋላጅነትን ከለከለች። ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ዕውቀት ደጅ ቀረ።

በ2023 አሜሪካ ውስጥ ጥቁር እናቶች ከወለዷቸው ከእያንዳንዱ 100,000 ወሊድ 50 ያህል እናቶች ሞተዋል፤ ከነጮቹ ደግሞ 14 ያህል። ሜሪላንድ የምትወልድ አበሻም የምትቆጠረው ከጥቁሮቹ ጋር ነው። በአገሪቱ ከእርግዝና ጋር ከተያያዙት ሞቶች ደግሞ ከግማሽ በላዩ የሚደርሰው ከወሊድ ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እናቲቱ ቤቷ ገብታ ማለት ነው። እነ ወይዘሮ ማርጋሬት ቢኖሩ፣ አንዷ ቀድማ በር አንኳክታ «እግርሽ ለምን አበጠ?» ባለቻት ነበር።