ለንስሐ የነፍስ አባት አለው

በኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀን ለተማሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የግቢያችን ክሊኒክ የምክር አገልግሎት ነርስ ነኝ። ዛሬ የተሰጠኝ ርዕስ «መከላከል» ይላል። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። እንድናገር ፈቅዶልኛል።

አምና ግንቦት ላይ ነው። ሰው ሁሉ እስኪወጣ በረንዳ ላይ ቆይቶ ገባ። ከኪሱ አምስት የታጠፉ የምርመራ ወረቀቶች አወጣ። አምስቱም ኔጌቲቭ ናቸው። «ሲስተር፣ ምርመራው ይሳሳታል?» አለኝ። ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። ነገሩ የሆነው መስከረም ላይ ነው። የአፍ ወሲብ፤ ያውም አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ዶርም ውስጥ ኩባያውን ለየ። ከልጆቹ ጋር አብሮ መብላት ተወ። ባላበው ቁጥር፣ በደከመው ቁጥር «ይኸው ጀመረኝ» ይላል። ለፋሲካ አገር ቤት ሲሄድ እናቱ ጉርሻ ዘረጋችለት። ፊቱን አዞረ። «ምን አደረግኩህ ልጄ?» አለችው። ይህን ሲነግረኝ እንባው ቀደመው።

ስምንት ወር ሙሉ! መጀመሪያ ሳምንት ላይ አንድ ጤና ተቋም ሄዶ ጠይቆ ነበር እኮ። ያገኘው መልስ «ይሄን ነውር ከየት ተማርከው?» የሚል ነው።

ባልደረቦቼ፣ ያ ልጅ ንስሐ ሊገባ አልመጣም! ለንስሐ የነፍስ አባት አለው። እኛ ጋ የመጣው መልስ ፈልጎ ነው!

መልሱ ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በአፍ ወሲብ ኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድል እጅግ ዝቅተኛ ነው። ፈጽሞ የለም ግን አይባልም። አፍ ውስጥ ቁስል ካለ፣ ድድ ከደማ፣ በዚያ ላይ የዘር ፈሳሽ አፍ ውስጥ ከገባ ዕድሉ ከፍ ይላል። ምራቅ አያስተላልፍም። ኩባያ አያስተላልፍም። የእናት ጉርሻም አያስተላልፍም! ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ አጋጣሚ ከሌለና ሦስት ወር አልፎት ተመርምሮ ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ጉዳዩ አልቋል። ስድስተኛ ምርመራ አያስፈልገውም።

አገራችን ውስጥ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በወሲብ አያስተላልፍም። ይህን ሁሉ እያወቅን፣ ልጆቻችንን ዛሬም አጽም በተሳለበት ፖስተር ዘመን ፍርሃት ለምን እናሳድራቸዋለን?

ወደ ርዕሴ ልመለስ። ኮንዶም ለአፍ ወሲብም ያገለግላል። ጨብጥና ቂጥኝ በአፍም ይተላለፋሉና እነሱንም ተመርመሩ። የሚያሰጋ ነገር ከገጠማችሁ 72 ሰዓት ሳያልፍ ኑ። ካስፈለገ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል።

ክፍሌ እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው። በረንዳ ላይ አትጠብቁ፤ ግቡ።