ወንዙን ለነጭ ዓሣ እንልቀቅለት፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የጣና ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን አባላት፣ በታንኳም በሞተር ጀልባም የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ዓሣውን አጥባችሁና ሰንጥቃችሁ ለገበያ የምታደርሱ እናቶችና እኅቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አምና በዚሁ መድረክ ላይ ቆሜ ንግግሬን አሳጥራለሁ ብዬ ነበር። ያልጠበቅሁት ቃል መሆኑን የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ዘንድሮ የማወራው ስለ አንድ ዓሣ ብቻ ስለሆነ ምናልባት ይሳካልኝ ይሆናል።

ስለ ቀረሶ፣ ቲላፒያ ስለሚሉት፣ አይደለም። ለቀረሶ ጠበቃ አያስፈልገውም፤ ሆቴሉ ይጠይቀዋል፣ ነጋዴው ጀልባው ሳይደርስ ወደብ ላይ ይጠብቀዋል። ስለ አምባዛም አይደለም። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ የማይነካው ሰው ብዙ ቢሆንም የራሱ ደንበኞች አሉት። እኔ የማነሣው ነጭ ዓሣን ነው። ስንጥሩ በዛ፣ ለልጅ ያስፈራል፣ ለጥብስ አይመችም እየተባለ ዋጋው የሚወርድበትን ዓሣ። እኛ ራሳችን እንኳ ቀረሶ ሲወጣ “ተያዘ!” ብለን እንጮሃለን፤ ነጭ ዓሣ ሲወጣ ግን “እሱ ነው” ብለን ወደ ጀልባው ወለል እንወረውረዋለን።

ነጭ ዓሣ የምንለው ግን አንድ ዓሣ አይደለም። በመንጠቆ የምትሠሩ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፣ በድንጋይ መካከል የተሸሸገ ትል እየመጠጠ ያወጣል። ሌላው አፉ ሰፊ ነው፣ ትል ብታቀርቡለት ዞር ብሎም አያየው፤ ትንሽ ዓሣ ካልሆነ አይጎርስም። ተመራማሪዎች ቆጥረው ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች አግኝተዋል፣ ከነዚህም 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የሚገርመው ይህ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። የያዘውን እንዳለ ውጦ በጉሮሮው ነው የሚፈጨው። በዓለም ላይ ከዚህ ዘር አዳኝ የሚወጣው ከስንት አንድ ነው፤ ጣና ላይ ብቻ ስምንት አሉ።

ምክንያቱ ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከታች ያለ የዓባይ ዓሣ ያንን ወጥቶ እኛ ዘንድ አይደርስም። ጫሞና አባያ ላይ ያለው ትልቁ አዳኝ ዓሣ፣ ናይል ፐርች፣ እዚህ የለም። የአዳኙ ቦታ ክፍት ሆኖ ስለቆየ ነጭ ዓሣ ራሱ አዳኝ ሆነ፣ ራሱም ሣር በል፣ ራሱም ትል ለቃሚ ሆነ። ስለዚህ ይህ በስንጥሩ የምናማው ዓሣ ከጠፋ ከሌላ ሐይቅ አምጥተን አንተካውም። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ስፍራ ብሎ፣ መዝግቦታል፤ ደስ ይላል፣ ግን ምዝገባ እንቁላል አይጠብቅም።

እንግዲህ ወደ ክረምቱ ልምጣ። ቀረሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። አምባዛ ውኃ የሞላበት ሣር ውስጥ ይጥላል። ከነጭ ዓሣ ዓይነቶች በርካቶቹ ግን ሐይቁን ትተው ወንዝ መውጣት አለባቸው። ዝናቡ ሲከብድ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይና በሌሎቹም ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ጠጠር ያለበት ትንሽ ገባር ይፈልጋሉ። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ንጹሕ ውኃ በጠጠሩ መካከል ሲፈስ ነው። ደለል ከተኛበት ይታፈናል። ይህን ያህል የሰፋ ሐይቅ ውስጥ የኖረ፣ ወንዝ ወጥቶ የሚራባ ነጭ ዓሣ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ በጥቂት ጠባብ በሮች ያልፋል ማለት ነው። በሩ ላይ ደግሞ እኛ መረብ ዘርግተን እንጠብቃለን።

እኛ ስል እኔንም ነው። ገና ሃያዎቹ ውስጥ ሳለሁ አንድ የነሐሴ ሌሊት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የጉማራን አፍ በሁለት መረብ ዘጋነው። ሲነጋ መረቡን መሳብ አቃተን። ጀልባው ሞልቶ ጠርዙ ከውኃው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚያን ቀን እንደ ጀግና ነበር የተሰማን። ወደብ ስንደርስ ግን ሌሎቹም እንደኛው ሞልተው መጥተዋል፤ ዋጋው ወረደ፣ ከግማሽ በላይ አልሸጥንም። የቀረውን ሰንጥቀን ልናደርቅ ሞከርን። ነሐሴ ላይ ምን ፀሐይ አለ? ሸተተና ጣልነው። ሲሰነጠቅ ከእያንዳንዱ ሆድ የወጣውን እንቁላል ዛሬም አልረሳሁትም፤ ወለሉ ሁሉ ቢጫ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተርና ዘመናዊ መረብ ከመምጣቱ በፊት አባቶቻችን በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙም አይርቁም ነበር። ሩቅ ወዳለ የወንዝ አፍ ሄዶ መረብ ጥሎ መመለስ ለታንኳ የሚሞከር አልነበረም። ሞተሩ መንገዱን ከፈተልን። ከዚያ በ1980ዎቹ አጋማሽና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ ወንዝ ወጥቶ የሚራባው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ቀንሶ ተገኘ። ትናንሾቹ፣ ነገ እንይዛቸዋለን የምንላቸው፣ በ90 በመቶ። አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

ወንዝ ውስጥ ገብተው ብርብራ የሚያፈሱም አሉ። የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ትልቁንም ትንሹንም አፍዝዞ ያንሳፍፋል። ብርብራ ማንን ልግደል ብሎ አይመርጥም። ከዚህ ማኅበር አንድ አባል እንኳ ይህን እንዳያደርግ፤ ያደረገ ካለ ከዛሬ ጀምሮ አባላችን አይደለም።

“ጥፋቱ የኛ ብቻ ነው ወይ?” የሚል እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከተቀመጣችሁበት ፊታችሁ ላይ ይነበባል። አይደለም። ከማሳ የሚታጠበው አፈር ጠጠሩን ይሸፍናል። ከወንዝ አሸዋ ይዛቃል፣ በበጋ ውኃው ለመስኖ ይሳባል፣ የሚራቡባቸው ወንዞች ላይ ግድብ ይሠራል። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ዳሩን ይዞ መረባችንንም ጀልባችንንም ሲያስር አይተናል። ስለነዚህ ሁሉ አቤቱታችንን ጽፈናል፣ ደግመንም እንጽፋለን። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ ስንት ዓመቱ ነው? አዋጁ አለ፤ ሌሊት የወንዝ አፍ ላይ የሚገኘው ግን አሁንም አስጋሪው ብቻ ነው።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ማንኛውም የማኅበራችን አባል የወንዝ አፍ ላይም ሆነ ወንዝ ውስጥ መረብ አይጥልም። ሐይቁ ክፍት ነው፤ ቀረሶውም አምባዛውም አለ። በመንጠቆ የሚሠራ ሰው እንቁላል የያዘች ነጭ ዓሣ ከወጣችለት እጁን አርጥቦ ይያዛት፣ መንጠቆውን ያውጣና ይልቀቃት። በደረቅ እጅ ከተያዘች ገላዋን የሚጠብቀው የሚያሙለጨልጭ ልባሷ ይላጣል፤ ስትዋኝ አይታችሁ ዳነች ትላላችሁ፣ ግን ቆይታ ልትሞት ትችላለች።

ፍልሰታ በዚሁ ወቅት እንደሚውል አልረሳሁም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ በጾም ገበያው እንደሚሞቅ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ፈተናው እዚያ ላይ ነው የሚመጣው።

“እኔ ብተወው አባል ያልሆነው ይይዘዋል” ለሚል ሙሉ መልስ የለኝም። ይይዛል። በመጀመሪያው ክረምት ምናልባት ከእኛ የተረፈውን ሁሉ ይይዛል። በጉማራና በርብ በኩል የምትሠሩ አባላት ከሌሎቻችን ይበልጥ እንደምትጎዱም እናውቃለን። ለዚህ ነው ከቁጠባችን ለእናንተ ያለ ወለድ የሚሰጥ የክረምት ብድር በአጀንዳው ሁለተኛ ተራ ላይ የተያዘው። ገንዘቡ በቂ አይደለም ካላችሁ እዚህ ተነሥታችሁ ተናገሩ፤ ወደብ ላይ ሆናችሁ አትሙን።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የተቀደደ የናይለን መረብ ውኃ ውስጥ አትተዉ። አይበሰብስም፣ ባለቤት ሳይኖረውም ሲያጠምድ ይኖራል። ማኅበሩ ቢሮ በር ላይ መጣያ አዘጋጅተናል።

አሁን ጸሐፊያችን ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ያቀርባል፣ ቀጥሎ ብድሩ፣ ከዚያ የክረምቱ ውሳኔ በድምፅ ይለያል። ምሳ የተዘጋጀው በወጥ ነው፣ ዓሣውም ነጭ ዓሣ ነው፣ ከክፍት ሐይቅ በመንጠቆ የተያዘ። ስንጥሩን እየለቀማችሁ ቀስ ብላችሁ ብሉ፤ ከሰዓት ድምፅ የሚሰጥ ጉሮሮ ያስፈልገናል። ጉባኤው ተከፍቷል።