አዲሱ የሊናክ ክፍል ሥራ ከመጀመሩ በፊት

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ የጨረር ሕክምና ባለሙያዎች፣ ከሕንፃ ክፍል የመጣችሁ መሐንዲሶች፣ ኋላ ረድፍ ላይ የተቀመጣችሁ የጥበቃ ባልደረቦቻችን፣ እንደምን አደራችሁ!

ጥበቃዎችን ለይቼ የጠራሁት ምክንያት አለኝ፤ የአዲሱ ሊናክ፣ ማለትም ካንሰርን በጨረር የምናክምበት የኤሌክትሮን ማፍጠኛ ማሽን፣ ክፍሉ ጨረር ያሳልፍ እንደሆነ ፍተሻ ሲጀመር መጀመሪያ የምጠይቀው እነሱን ነው። ፕላኑ ከሊናኩ ግድግዳ ጀርባ ያለውን ቦታ «እቃ ማከማቻ» ይለዋል። እናንተ ግን አስታማሚዎች ነጠላቸውን አንጥፈው እዚያ እንደሚውሉ ታውቃላችሁ። ሰው የሚውልበትና የማይውልበት ቦታ ግድግዳ እኩል አይሰላም። ለሕዝብ የተፈቀደው በዓመት 1 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ነው፤ ለእኛ ለሠራተኞቹ በአማካይ 20።

ማሽኑ ኤሌክትሮን አፍጥኖ ብረት ላይ ያላትመዋል፤ ከዚያ ኤክስሬይ ይወጣል። ጉልበቱ ከ10 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ሲያልፍ ኒውትሮን የሚባለው ሌላ ዓይነት ጨረርም ይከተላል፤ በመተላለፊያው ዞሮ በሩ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ በሩ ላይ ለኒውትሮን የተለየ መለኪያ ይቆማል። የምንለካው ማሽኑ ያለውን ጉልበት ሁሉ ሲሰጥ፣ ጨረሩ የሚወጣበት የማሽኑ መስኮትም እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው። ጨረሩ ፊት ለፊት የሚመታውን ግድግዳ ስንለካ አልጋው ባዶ ይሆናል። ለሌሎቹ ግድግዳዎች በታካሚው ፈንታ ውሃ የሞላ ሳጥን እናስቀምጣለን፤ ወደ ጎን የሚበተነው ጨረር በአመዛኙ የሚነሳው ከታካሚው ገላ ነውና።

አደራ፣ መጋዘን ያለውን የጋይገር መለኪያ (ጨረርን አንድ፣ ሁለት ብሎ የሚቆጥር መሣሪያ) ይዛችሁ እንዳትመጡ። ሊናክ ጨረር የሚለቀው በሴኮንድ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ብልጭ፣ ብልጭ እያለ ነው። ጋይገሩ በአንድ ብልጭታ የገባውን ሁሉ «አንድ» ብሎ ይቆጥራል፤ ጨረሩ አሥር እጥፍ ቢያድግም ቁጥሩ ንቅንቅ ላይል ይችላል። መርፌው ዝቅ ብሎ ሲያዩት ደስ ይላል፤ እኔ ግን አልፈርምበትም። የምንመዘግበው የአዮናይዜሽን ቻምበሩን፣ ማለትም ጨረሩ አየር ውስጥ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ሙል የሚለካውን መሣሪያ ንባብ ነው።

በሩ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንወስዳለን። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1992 ሃኖይ (ቬትናም) ውስጥ አንድ ተመራማሪ ናሙና ሊያስተካክል ወደ ማፍጠኛው ክፍል ገባ። መቆጣጠሪያው ላይ የነበሩት መግባቱን ሳያውቁ ማሽኑን አስነሱት። ሰውየው አንድ እጁን አጣ። ስለዚህ ጨረር እየወጣ በሩን እንከፍታለን፤ ወዲያው መቆም አለበት። በሩ ሲዘጋ ማሽኑ በራሱ ከተነሳ ግን ፈተናውን ወድቋል፤ መነሳት ያለበት ከውጭ፣ በሰው እጅ ብቻ ነው። «ሁሉም ወጥቷል» የሚለውን ውስጠኛውን ቁልፍ ሳንጫን ለማስነሳት እንሞክራለን፤ እምቢ ማለት አለበት። የአደጋ ማቆሚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እንጫናለን፤ አንዱ ሠራ ብሎ ሌላውን መዝለል የለም።

ከሃኖይ በፊት በ1991 ደግሞ ፎርባክ በተባለች የፈረንሳይ ከተማ፣ በአንድ የኢንዱስትሪ ማፍጠኛ ሦስት ሠራተኞች ተቃጥለዋል። የኤሌክትሮን ምንጩ ጠፍቶ ነበር፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ ግን አልተቋረጠም። እሱ እስካለ ድረስ ጥቂት ኤሌክትሮን ሾልኮ መፍጠኑን አይተውም፤ ያም ቆዳ ለማቃጠል በቃ። እኛም ማሽኑ «ጠፍቷል» ከተባለ በኋላ መለኪያ ይዘን እንገባለን።

ልኬቱ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ይጀመራል። ከሕንፃ ክፍል የመጣችሁ፣ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ለአየር ማቀዝቀዣና ለኬብል የበሳችሁትን ቀዳዳ ሁሉ በሥዕል ይዛችሁ ኑ፤ በቃል የምትነግሩኝን አልቀበልም። ጥበቃዎች ደግሞ አስታማሚዎቹን ከዓርብ ማታ ጀምሮ ወደ ፊተኛው በረንዳ አዛውሩልን።