ልጅ መርዶ አይናገርም

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሆዴ ውስጥ የቆየ ጉዳይ ስላለ እሱን ላጫውታችሁ።

ጉዳዩ ሐኪም ቤት ገብተው ለእናት ለአባታቸው የሚያስተረጉሙ ልጆች ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ ይህን ያላየ አይመስለኝም። እናት ቀጠሮ አላት፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ አብረው ይሄዳሉ። ማንም አይገረምም። እኔ ግን መገረም ያለብን ይመስለኛል።

እኛ ወደ አሜሪካ የመጣነው አባቴ ዲቪ ደርሶት ነው። ልጅ ነበርኩ። እንደ ብዙ ልጆች እንግሊዝኛውን ከወላጆቼ ቀድሜ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ወረቀት ሁሉ እኔ ጋ ይመጣ ጀመር። የመብራት ቢል፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ከኢንሹራንስ የሚላክ ደብዳቤ። ጎረቤት ያሉ ሐበሾችም ፖስታ ይዘው ይመጡ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ይመርቁኛል። እኛ ቤት ልጅ ታናናሾቹን እየጠበቀ፣ እየተላላከ ነው የሚያድገው፤ ደብዳቤ ማንበብም ከዚያው የሚቆጠር ነው። በዚህ ቅሬታ የለኝም።

ሐኪም ቤት ግን ሌላ ነው።

እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ ናሙና ተወስዶ ነበር። ውጤቱ የደረሰ ቀን አብሬያት የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ሐኪሙ ውጤቱን ተናገረና ወደ እኔ ዞሮ «ንገራት» አለኝ። በሽታው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለእናቴ በምን አፌ እንደምናገረው ግን የሚመክረኝ ሰው አልነበረም። ነገርኳት። ይሄኔ እናቴ ስለራሷ አላሰበችም። የኔን ሁኔታ አይታ እኔን ማጽናናት ጀመረች። «አይዞህ፣ ምንም አልሆንም» ትለኛለች። ደረጃው የት ደርሷል? ሕክምናው ምንድን ነው? ሥራ ማቆም አለብኝ? ከእነዚህ አንዱንም ሳትጠይቅ ወጣን። ዛሬ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ቀን ግን የመጠየቅ ዕድሏን እኔን በማባበል ጨረሰችው።

አገር ቤት መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡት። ሰው ሲሞት ዘመድ በስልክ አይነግራችሁም። ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሌሊቱ እስኪነጋጋ ይጠበቃል። ማን እንደሚናገር፣ ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ፣ ሰውየው ቢወድቅ ማን እንደሚይዘው ይመከርበታል። እድሩ ድንኳኑን ያዘጋጃል። ከበድ ያለ የበሽታ ዜናም መጀመሪያ የሚደርሰው ለቤተሰቡ ትልልቅ ሰዎች ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለልጅ የሚሰጥ ድርሻ የለም። ልጅ መርዶ ተናጋሪ ሆኖ አያውቅም። እዚህ መጥተን፣ አዋቂዎች በጉባኤ የሚሸከሙትን ነገር ለአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አሸከምነው። ይህን ያደረግነው የአሜሪካን ባህል ወስደን አይደለም፤ የእኛ ባህልም አይፈቅደውም፣ የአሜሪካ ሕግም አይፈቅደውም። ሁለቱ መሃል በተፈጠረ ክፍተት ነው ልጆቹ የገቡት።

ስለ ሕጉ ልንገራችሁ፣ ሥራዬም ነው። ዛሬ የምኖረው በሕክምና አስተርጓሚነት ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ተቋም ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙና በመጣበት አገር እንዳያዳላ ይከለክላል። ቋንቋ የሚል ቃል እዚያ ላይ የለም። ቋንቋን ወደዚህ ያስገቡት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የነበሩ ቻይናውያን ቤተሰቦች ናቸው። ልጆቻቸው በማይሰሙት ቋንቋ ክፍል ውስጥ መቀመጣቸው አንገበገባቸውና ከሰሱ። ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1974 ረቱ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ልቤ ይነካል። እኛ ገና ሳንመጣ፣ ሌላ ስደተኛ ተከራክሮ በሩን ከፍቶልን ቆይቷል።

መንግሥት ለአረጋውያንና ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ካቋቋማቸው የጤና ኢንሹራንሶች፣ ከሜዲኬር ወይም ከሜዲኬይድ፣ ገንዘብ የማይቀበል ሆስፒታል እምብዛም ስለሌለ ሕጉ አብዛኞቹን ይመለከታል። በኋላ ኦባማ በ2010 የፈረሙት የጤና ሕግ መጣ። በ2016 የወጣው ደንቡ ጉዳዩን ለይቶ አስቀመጠው፦ የሰውን ደህንነት ወዲያው የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ገጥሞ ብቁ አስተርጓሚ በቅርብ በማይገኝበት ጊዜ ካልሆነ በስተቀር፣ ሐኪም ቤት አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይችልም። በ2024 ደንቡ ሲታደስም ይህ አልተነሳም። አስተርጓሚውን የሚያቀርበው ሐኪም ቤቱ ነው፤ ከታካሚው አንድ ሳንቲም አይጠየቅም። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከት የራሱ የቋንቋ ሕግ አለ፤ ወረቀት ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

በማርች 2025 እንግሊዝኛ የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ነው የሚል የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሲወጣ ብዙ ሰው «አበቃ፣ ከእንግዲህ አስተርጓሚ የለም» ብሎኛል። ትእዛዙ ቀደም ሲል ክሊንተን በ2000 የሰጡትን የቋንቋ ትእዛዝ ሽሯል። ኮንግረስ ያወጣቸውን ሕጎች ግን አልሻረም። ስለዚህ ጠይቁ።

የማይጠይቁ ሰዎች ምክንያት እንዳላቸውም አውቃለሁ። ትልቁ ምክንያት ሐሜት ነው። «አስተርጓሚው ቤተ ክርስቲያን የማየው ሰው ቢሆንስ? ነገ ወሬዬ ማኅበር ላይ ቢወራስ?» ይላሉ። ስጋቱ ልክ ነው፤ ሁላችንም የምንተዋወቅ ሰዎች ነን። ግን አስተርጓሚ የሰማውን የማውጣት መብት የለውም፤ ሥራውንም ሊያሳጣው ይችላል። ካልተማመናችሁ ደግሞ በስልክ ይሁንልኝ በሉ። በስልክ የሚመጣው ሰው ሌላ ስቴት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ፊታችሁንም አያይም።

ሌላው ነገር፣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አማርኛ አፉን የፈታበት አይደለም። ነርሷ «ኢትዮጵያ» የሚለውን አይታ አማርኛ አስተርጓሚ ትጠራለች። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገሩ አባት በጨዋነት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ መድኃኒቱን በምን ሰዓት እንደሚወስዱ ግን ሳይገባቸው ይሄዳሉ። ይህ ገጥሞኛል። እንዲህ ሲሆን ሥራዬን አቁሜ ሌላ አስተርጓሚ ይጠራ እላለሁ። እናንተም የአባታችሁን ቋንቋ ስሙን ጠርታችሁ አስመዝግቡ። አገራችን ብዙ ቋንቋ ያላት መሆኗን ሐኪሙ ሊያውቅ የሚችለው ስንነግረው ነው።

ደግሞ ቤተሰቦች ወደ ጎን ወስደው «እባክህ ለእማዬ ካንሰር እንዳትላት» ይሉኛል። ከየት የመጣ ልመና እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ፍቅር ነው። እኔ ግን የተባለውን ሁሉ መተርጎም ግዴታዬ ነው። ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። እናታችሁ ራሷ፣ ምርመራው ሳይጀመር፣ «ውጤቱን ለታላቅ ልጄ ንገሩልኝ፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ማለት ትችላለች። ሐኪሞች ይህን ይቀበላሉ፤ መዝገቧ ላይም ይጽፉታል። እኔ ያየኋቸው ጥሩ ሐኪሞች ራሳቸው ቀድመው «ነገሩን ማን እንዲሰማ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። የአገራችን ሥርዓት በአሜሪካ ሐኪም ቤት ቦታ ያገኘበት ጊዜ ነው ይህ። ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ፣ ያኔውኑ በስልክ፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ፤ የትኛው ቋንቋ እንደሆነም ተናገሩ። ሴት ብትሆን የምትመርጡ ከሆነም ጠይቁ፤ ሁልጊዜ ባይሳካም ይሞክራሉ። የቀጠሮው ቀን ሄዳችሁ ማንም ከሌለ፣ የስልክ ወይም የቪዲዮ አስተርጓሚ እንዲደውሉ ንገሯቸው። «ልጅሽ እንግሊዝኛ ይችል የለ?» ካሏችሁ «ልጄ ልጅ ነው» በሉ። ልጁም ትምህርት ቤቱ ይዋል።

በሚቀጥለው ክፍል ከአንዲት ነርስ ጋር ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጾም እንነጋገራለን፤ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ። ደህና ሁኑ።