ባላ፣ ጀሪካንና ሲባጎ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ጉዳዩ በግል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕሮጀክት» የምንለው ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ የሚያስተምር ሰው ቃሉን ሲሰማ ምን ትዝ እንደሚለው ታውቃላችሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሙኒኬሽን ቡክ ይከፈታል፣ ሱቅ ሳይዘጋ ካርቶንና ኮላ ይፈለጋል፣ አባት ይቆርጣል፣ እናት ትለጥፋለች፣ ልጁ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ተጠንቅቆ ይዞት ይሄዳል፤ አሥር ከአሥር ያገኛል። የሠራው ግን እሱ አይደለም።

ልጅ በእጁ እየሠራ ይማር የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። ጆን ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1896 ቺካጎ ውስጥ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆቹ ምግብ እያበሰሉ፣ እየሸመኑ፣ እንጨት እየሠሩ ነበር የሚማሩት። እኛ ጋ ለመጀመር ወርክሾፕ አያስፈልግም። ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ልጆቹ እጅ ላይ አንዴ የሚበላሽ፣ ሲያልቅ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ ደጃፉ ላይ ያሉ የጉሊት ሻጮች፣ የሚጠቀምበት አንድ ነገር ይበቃል። እኔ ደጋግሜ የምመክረው በእግር ተረግጦ የሚሠራውን የእጅ መታጠቢያ ነው፤ ቲፒ ታፕ ይሉታል።

የሚያስፈልገው ይሄ ነው። 2 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ባላ እንጨቶች፣ 1 ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ እጀታና ክዳን ያለው ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ የናይለን ሲባጎ፣ ሚስማር፣ ሻማ፣ ሳሙና፣ ጠጠር። ባላዎቹ በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይተከላሉ። አንዱ ቀጥ ያለ እንጨት በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ አልፎ ባላዎቹ ላይ ይጋደማል፤ ሌላው መሬት ላይ መርገጫ ይሆናል። ሲባጎው ክዳኑንና መርገጫውን ያገናኛል። ሲረገጥ የጀሪካኑ አፍ ወደ ታች ይዘነብላል፣ ፊቱ ላይ ካለው ቀዳዳ ውሃ ይወርዳል። ቆሻሻ እጅ የሚነካው ሳሙናውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የሒሳብ ጥያቄ ይመጣል። 2 ሜትሩ ላይ 45 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ከገባ የሚቀረው 1 ሜትር ከ55 ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ ቁመት ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ገደማ። ለጉሊት ሻጮች የሚስማማው ቁመት ለልጁ ከራሱ በላይ ነው፤ እጁን ሲያነሳ ውሃው በክርኑ አድርጎ እጅጌው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ልጆቹ በሜትር የታናናሾቻቸውን ደረት ይለኩ፣ ባላው የት ጋ እንደሚቆረጥ ራሳቸው ይወስኑ።

ጀሪካኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትምህርቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ቀዳዳው ከሥሩ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይበሳል። ልጆቹ ለክተው ምልክት ያደርጋሉ፤ ሚስማሩን በፒንሳ ይዞ ሻማ ላይ አግሎ የሚበሳው መምህሩ ነው። ይሄ ለልጅ አይሰጥም። ክዳኑም መሃሉ ላይ ይበሳል፤ ሲባጎው ያልፍና ከውስጥ በኩል አጭር ስንጥር ላይ ይታሰራል፣ ሲሳብ እንዳይሾልክ።

ከዚያ አራተኛ ክፍሎችን ጠይቁ፦ አንድ ሰው ለመታጠብ 50 ሚሊ ሊትር ቢበቃው፣ ይህ ጀሪካን ስንት ሰው ያስታጥባል? 5,000 ለ50 ሲካፈል 100። ሁሉም እጁን ያወጣል። እሺ ሙሉት በሏቸው። ገና ማንም ሳይረግጠው ውሃው በቀዳዳው መፍሰስ ይጀምራል። አደራ፣ መምህራን፣ በዚያች ሰዓት ዝም በሉ። አንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ ያየዋል፣ በጣቱ ይደፍነዋል፣ ሌላዋ «ከቀዳዳው በላይ ያለው እኮ ነው የሚፈሰው» ትላለች። እስኪቆም ይጠብቁና የቀረውን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየቀዱ ይቁጠሩ። እንደ ጀሪካኑ ቅርጽ ይለያያል እንጂ ከግማሹ ብዙም አያልፍም። 100 የነበረው መልስ ወደ 50 ይወርዳል። 50 ሚሊ ሊትሩም ቢሆን ግምት ነው፤ ከሥር ሳፋ አድርጉ፣ አሥር ልጅ ይታጠብ፣ የተጠራቀመው ይለካና ለአሥር ይካፈል። ቀድማችሁ «ከቀዳዳው በታች ብቻ ሙሉ» ካላችኋቸው ይህ ሁሉ ይቀራል።

የሚበላሸው በአብዛኛው ሲባጎው ጋ ነው። ካጠረ ጀሪካኑ እንዳዘነበለ ይቀርና ውሃው ያልቃል። ከረዘመ መርገጫው መሬት ይነካል፣ ጀሪካኑ ግን አልተነቃነቀም። ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ የበለጠ ማዘንበል አለበት፤ ስለዚህ ልኩን ጀሪካኑ ሊያልቅ ሲል ፈትኑት። የቃጫ ገመድ ሲረጥብና ሲደርቅ ልኩ ይለዋወጣል፣ በመጨረሻም ይበሰብሳል። ቀዳዳው ከሰፋ ውሃ ይባክናል፤ ያን ጀሪካን ለሌላ ሥራ አድርጉት። ደረቅ ሳሙና በሚስማር ሲበሳ ይሰነጠቃል፤ የሽንኩርት መረብ ውስጥ ከትቶ ማንጠልጠል ይሻላል። ከሥር 40 በ40 ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠጠር ካልሞላችሁበት በሳምንቱ ጭቃ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠጋውም።

በኪራይ ቪላ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ አይቆፈርም። ባላዎቹን ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ በድንጋይና በሲሚንቶ ትከሉ። ድንጋይ ብቻ ከሆነ ልጆቹ ሲረግጡት ባላው እየላላ ይዘማል።

አሁን ከአጥሩ ውጭ እንውጣ። ስንቱ የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ነው ሳይጠየቅ ተሠርቶ፣ ፎቶ ተነስቶበት፣ በወሩ የወደቀው! ልጆቹ መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን ይሂዱ። ጉሊት የሚሸጡትን እናቶች «እትዬ፣ እጅዎን የት ነው የሚታጠቡት? ውሃስ ከየት ያመጣሉ?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱን ይጻፉ። ብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ «ማን ይሞላዋል?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ትምህርት ቤቱ ሮቶ ካለው በየጠዋቱ አንድ ጀሪካን ይውጣ፣ የማን ተራ እንደሆነ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቦታውንም ወረዳውን ጠይቃችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ፤ ያለ ፈቃድ ተተክሎ ደንብ አስከባሪ መጥቶ ቢነቅለው ጥፋቱ የእሱ አይሆንም።

ጊዜውን ካላችሁኝ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ጀምሩ። ዝናቡ ይወጣል፣ ዓለም አቀፉ የእጅ መታጠብ ቀንም ጥቅምት 5 ገደማ ነው የሚውለው። ግን ለበዓሉ ብላችሁ አታጣድፉት። መጀመሪያ የተሠራው ይውደቅ፣ ሁለተኛው ለጉሊቱ ይሂድ። በየሳምንቱ ዓርብ ጀሪካኑ በአሸዋና በሳሙና ይናጥ፤ ፀሐይ ላይ ስለሚውል ውስጡ አረንጓዴ ያወጣል።

ሰኔ ላይ አራተኛ ክፍሎች ለሦስተኛ ክፍሎች ያስረክቡ፤ ስንጥሩ ክዳኑ ውስጥ እንዴት እንደሚታሰር እነሱ ያሳዩ፣ መምህሩ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ለእትዬዎቹም ክረምቱን ማን እንደሚሞላ ቀድሞ ይነገራቸው። የሚሞላ ከሌለ ጀሪካኑ ይውረድና ክዳኑ ተከፍቶ፣ ደርቆ ይቀመጥ፤ እርጥቡን ተከድኖ ከከረመ መስከረም ላይ ሽታው አያስቀርብም።

ደህና ሁኑ።