ቃሉን ብቻውን አትጠይቁት፦ ስለ ተውሳከ ግስ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ፈተና ሲደርስ ስልካችን አያርፍም። የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች እነሆ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን፦ መምህር፣ ተውሳከ ግስ ምንድን ነው?

ተውሳክ ጭማሪ ማለት ነው። ግሱ ላይ ተጨምሮ ድርጊቱ እንዴት፣ መቼ፣ የት ወይም ምን ያህል እንደሆነ ይነግርሃል። «ስንዴውን ውርጭ ክፉኛ መታው» ስትል «ክፉኛ» የሚናገረው ስለ ስንዴው ሳይሆን ስለ አመታቱ ነው።

ከሞላሌ፦ ከቅጽል በምን ይለያል?

ቅጽል የሚገልጸው ስምን ነው። «ፈጣን በቅሎ» ቅጽል፣ «በቅሎዋ ቶሎ ደረሰች» ተውሳከ ግስ። መሞከሪያ ልስጥሽ፦ «ፈጣኗ»፣ «ፈጣኖች» ይባላል። «ቶሎው»፣ «ቶሎዎች» ያለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

አባት፣ ከእነዋሪ፦ ልጄ በ«በ» የሚጀምረውን ሁሉ ተውሳከ ግስ ነው ይላል። ማስጠኛ ላይ እንዲህ ብለውት ነው። ልክ ነው?

ወንድሜ፣ እንኳን ደወሉ። ልክ አይደለም፤ ይህ ልማድ ስንቱን ጎበዝ ልጅ ውጤት አሳጥቶታል! «በሬ»ም «በግ»ም በ«በ» ይጀምራሉ፣ ግን ስም ናቸው። «በፍጥነት ሄደ» ስንልም «በፍጥነት» ራሱ አንድ ቃል አይደለም፤ «በ» ስምን ከግሱ ጋር የሚያያይዝ መስተዋድድ፣ «ፍጥነት» ስም ነው፣ ሁለቱ ተጣምረው የተውሳከ ግስን ሥራ ይሠራሉ። የቃሉ ዓይነት ሌላ፣ የሚሠራው ሥራ ሌላ። ልጅዎ ይህን ከያዘ ግማሹ መንገድ አለቀ።

አማርኛ እንደ «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ»፣ «ምንኛ» ያሉ ንጹሕ ተውሳከ ግሶች ያሉት ጥቂት ነው። የቀረውን ሌሎች ያግዙታል። «አውቶቡሱ የጣርማ በርን ዳገት ቀስ ብሎ ወጣ» ስንል አወጣጡን የነገረን «ቀስ ብሎ» ነው፤ ውስጡ ግን ግስ አለ። «ሮጦ መጣ»ም እንዲሁ። መጨረሻውን አይቶ መፍረድም ያው ጥፋት ነው፦ «ክፉኛ» በ«ኛ» ስላለቀ «ጉልበተኛ»ን ተውሳከ ግስ አያደርገውም። እባካችሁ ወላጆች፣ ዝርዝር አታስሸምድዱ። ቃሉን ብቻውን አትጠይቁት፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ገብቶ ማንን እንደሚያገለግል ጠይቁ።

ከደብረ ሲና፦ «ጥሩ» ምንድን ነው?

«ጥሩ ልጅ» ላይ ቅጽል ነው፤ «ጥሩ አነበበች» ላይ ግሱን ይገልጻል።

ከአንኮበር፦ «ዛሬ»ስ?

«ዛሬ መጣ» ላይ ጊዜውን ለግሱ ይነግራል፤ «ዛሬ ቅዳሜ ነው» ላይ ግን ስም ነው። አያችሁ፣ ብቻውን አይጠየቅም!

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ በእንግሊዝኛስ በ«ሊ» ያለቀ ሁሉ ተውሳከ ግስ ነው አይደል?

አይደለም እታለም፤ ያው ልማድ ነው የተከተለሽ። «ፍሬንድሊ» (ተግባቢ) በ«ሊ» አልቆ ቅጽል ነው። «ፋስት» ደግሞ ያለ «ሊ» ለቅጽልም («ፈጣን») ለተውሳከ ግስም («በፍጥነት») ያገለግላል። በተለይ ከ«ሃርድ» ተጠንቀቂ፦ «ሂ ወርክስ ሃርድ» ጠንክሮ ይሠራል ነው፣ «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ግን እምብዛም አይሠራም። ትርጉሙ ተገለበጠ!

እናት፣ ከደብረ ብርሃን፦ የአሥር ዓመት ልጄ እያንዳንዱን ቃል ያነባል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ግን ምን እንዳነበበ አያውቅም። ሰዋስው ላስጠናው?

እህቴ፣ ሰዋስው ይቆይ። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን ሐኪም ይይለት። ከዚያ ከክፍል አስተማሪው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ይህን በስልክ መመለስ አልችልም፣ ልጁን በአካል የሚያይ ባለሙያ ያስፈልገዋል። እባክሽ ቶሎ ውሰጂው።